ሽፋን አልባዎቹ

እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ መጽሔት ሁሉ ያለ ሽፋን የሚወለድ፣ ሽፋን መሥራት ደግሞ የአንባቢው ግዴታ ይመስለኝ ነበር። ሕፃን ራቁቱን ይወለዳል፤ ወላጆቹ ያለብሱታል። በእኔ ግምት መጽሔትም ከዚህ አይለይም ነበር። የተለየ ነገር የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ በዚህ እምነት ላይ አንድ ትልቅ ሥራ በአልጋዬ ሥር አቋቁሜ ነበር ማለት ይቻላል።

ሥራው የ"ባለ አንድ ደቂቃዋ" ስብስብ ነበር። "ባለ አንድ ደቂቃዋ" በየሳምንቱ የሚወጣ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ነው፤ ሠላሳ ሁለት ገጽ፣ ውስጡ ጥቁርና ነጭ፣ ወረቀቱ ጣት ላይ ቀለም የሚተው ርካሽ ወረቀት። ጀግናዋ ቀን ቀን ሰዓት የምትጠግን ሴት ስትሆን፣ ጊዜን ለአንዲት ደቂቃ ብቻ የማቆም ኃይል አላት። አንድ ደቂቃ ብዙ አይደለም። ከሰገነት የሚወድቀውን ሕፃን ለመቅለብ ይበቃል፤ የጣለውን ሰው አባርሮ ለመያዝ ግን አይበቃም። ስለዚህ ማሰብ ነበረባት። አሁን ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ብዙ አገር ዞሬአለሁ፤ በየሄድኩበትም የየአገሩን የሥዕል ጀግኖች አንብቤአለሁ። የሚበሩ አሉ፤ የሚሰወሩ አሉ። እንደ እርሷ ሰዓቷን እያየች የምትጣደፍ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም።

መጽሔቶቹን የሚያመጣልኝ አባቴ ነበር። የሚሠራው ጋዜጣና መጽሔት በሚያከፋፍል ድርጅት መጋዘን ውስጥ፣ "ተመላሽ ክፍል" በሚባለው ነው። ዓርብ አመሻሹ ላይ ይገባል፤ በሩን ከኋላው ይዘጋል፤ ከሹራቡ ሥር እጁን ይሰድና አንድ መጽሔት መዥረጥ ያደርጋል።

"እንኪ፣ ሳይቀዘቅዝ!"

መጽሔቱ እውነትም ትኩስ ነበር። ጉንጬ ላይ አስጠጋዋለሁ። የቀለም፣ የወረቀትና የአባቴ ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። መጽሔት ከማተሚያው እንደ ዳቦ ትኩስ ሆኖ የሚወጣ፣ አባቴም ሙቀቱ እንዳይበተን አቅፎ የሚያመጣልኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን የማውቀውን እዚህ ላይ ልናገር፤ አንባቢን ማንጠልጠል ከዕድሜዬ ጋር አይሄድም። ተመላሽ ክፍል ማለት ሳይሸጡ የቀሩ መጽሔቶች ከየኪዮስኩ ተሰብስበው የሚመጡበት ክፍል ነው። መጽሔቱን ሙሉውን ለአሳታሚው መልሶ መላክ ለጭነት ከባድ ስለሆነ፣ ሽፋኑ ብቻ ይገነጠላል፤ ሃምሳ ሃምሳ እየሆነ ይታሰራል፤ "ይህን ያህል አልተሸጠም" ለሚለው ማስረጃ ሆኖ ይላካል። የቀረው ገላ በጆንያ ታጭቆ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ይሄድና ተፈጭቶ ካርቶን ይሆናል። ከዚያ ገላ አንድ ቅጠል እንኳ ይዞ መውጣት ስርቆት ነው። በር ላይ ፈታሽ አለ። አባቴ በቀን ብዙ መቶ ሽፋን የሚገነጥል ሰው ነበር፤ አውራ ጣቱን በጀርባው ላይ አሳርፎ አንዴ ቁልቁል ሲስበው ሽፋኑ ይላቀቃል። ያ ጣቱ ዘወትር በማያያዣው ሽቦ የተቧጨረ ነበር። "ምን ሆንክ?" ስለው "መጋዘኑ ውስጥ ክፉ ድመት አለች" ይለኝ ነበርና፣ ያችን ድመት ለዓመታት ጠምጄአታለሁ።

እናቴ ዓርብን አትወድም ነበር። እኔ መጽሔቴን ታቅፌ ከመጋረጃው ጀርባ ወደ አልጋዬ ስገባ፣ እነሱ ድምፃቸውን ቀንሰው ይጀምራሉ።

"አንድ ቀን በሩ ላይ ሹራብህን ያስወልቁሃል። ያኔ ምን ልትል ነው?"

"ብርድ ይመታኛል እላለኋ።"

"አዎ፣ ቀልድ! ያ ሆድህ አንድ ቀን ጉድ ያፈላብናል፤ ብላ ነበር በል።"

"ሊፈጭ ነው እኮ፣ አንቺ ሴት። ሰኞ ካርቶን ይሆናል። ጫማ ከሚከተትበት ልጄ ብታነብበው ማን ተጎዳ?"

"እሱን ለእኔ አትንገረኝ። ለእነሱ ንገራቸው።"

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አባቴ የሆድ ሕመምተኛ መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት "ሆድህን ተሻለህ?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። እሱ ይስቃል። እናቴ አትስቅም።

ሽፋን መሥራት ሳምንቴን ሁሉ የሚፈጅ ሥራ ነበር። ወረቀቱ የመድኃኒት ቤት መጠቅለያ ነው፤ አንድ በኩሉ ለስላሳ፣ ሌላው ሻካራ። ለስላሳውን ወደ ውጭ አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ በዱቄት ሙጫ አጣብቄ የእናቴን መዝገበ ቃላት እጭንበታለሁ፤ ሲደርቅ በውሃ ቀለም እሥላለሁ። ከታሪኩ ውስጥ አንድ ቅጽበት መርጬ ነው የምሥለው፤ ሁልጊዜም ጊዜ የቆመበትን። ከዚያ ቁጥሩን በቀኝ ጥግ፣ ያገኘሁበትን ቀን በግራ ጥግ እጽፋለሁ። መጽሔቶቹ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል፣ ጀርባቸው ወደ አንድ በኩል ሆኖ ይደረደራሉ። የታጠበና የደረቀ እጅ የሌለው ሰው አይነካቸውም። ይህን ሕግ በአባቴም ላይ ሳይቀር አስከብር ነበር።

የጀግናዋን ካፖርት ግን በምን ቀለም ልቀባው? ውስጡ ጥቁርና ነጭ ነውና የሚመራኝ የለም። ብዙ አሰብኩ፤ ማስረጃም ሰበሰብኩ። በሠላሳ ስምንተኛው ቁጥር ላይ ሣር ውስጥ ተኝታ ጠባቂዎቹ ሊረግጧት ምንም ሳይቀራቸው ያልፋሉ፤ አያዩዋትም። እንግዲህ ካፖርቷ አረንጓዴ ነው ማለት ነው። በዚህ ማስረጃ እስከ ዛሬ እኮራለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሠላሳ ስምንተኛው ቁጥር ከመምጣቱ በፊትም አረንጓዴ ነው የምቀባት፤ ከቀለም ሳጥኔ ውስጥ ቀዩ ቀድሞ አልቆ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት እንደሞላኝ እናቴ መነጽር ልታሠራልኝ መሀል ከተማ ወሰደችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰፈራችንና ከትምህርት ቤቴ አልፌ አላውቅም ማለት ይቻላል። መነጽሬን አድርጌ ስወጣ ዓለም እንደ አዲስ ተስሎ ጠበቀኝ፤ የጡቦቹ ጠርዝ፣ የሰዎች ጥርስ፣ የዛፍ ቅጠል አንድ በአንድ። በዚያ ዓይኔ ነው ኪዮስኩን ያየሁት። መጽሔቶች በልብስ መቆንጠጫ ተንጠልጥለዋል፤ ከመካከላቸው የእኔዋ ጀግና አለች፤ ሽፋን ለብሳ። ካፖርቷም እሳት የመሰለ ቀይ ነው።

ኪዮስኩ ውስጥ የተቀመጠችው ሴት ሹራብ ትሠራ ነበር።

"ይሄን ማን ሠራው?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ልብሱን። ሽፋኑን።"

"ድርጅቱ ነዋ! ማን ይሥራው ታዲያ፣ እኔ?"

"ተሳስተዋል። ካፖርቷ አረንጓዴ ነው።"

ሴትዮዋ ሹራቧን አስቀምጣ ወደ እናቴ ተመለከተች። "እመቤት፣ ይቺ ልጅ መነጽሯን ልትቀበል ነው የምትሄደው ወይስ ተቀብላ ነው የመጣችው?"

እናቴ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ ለምን በፍጥነት እንደምንሄድ አልገባኝም። መንገዱን ሙሉ ነገሩን ሳሰላስል ቆየሁና አንድ መደምደሚያ ላይ ደረስኩ። ድርጅቱ ሽፋን የሚሠራው ራሳቸው መሥራት ለማይፈልጉ ሰነፍ አንባቢዎች ነው። ይሁን፤ ሰነፍም ያንብብ። ግን ስህተት ሲሠራ ዝም አይባልም።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ጻፍኩ። አድራሻው በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ታትሟል። ቴምብሩን ከእናቴ የመርፌ ሣጥን ወሰድኩ። ደብዳቤውን በቃሌ አስታውሰዋለሁ፦

"ለባለ አንድ ደቂቃዋ ሠዓሊ። ጤና ይስጥልኝ። ካፖርቷ ቀይ አይደለም። ቁጥር ሠላሳ ስምንት፣ ገጽ አሥራ ሁለትን ይመልከቱ። ቀይ ለብሳ ቢሆን ኖሮ ጠባቂዎቹ ያዩዋት ነበር። እባክዎ ያርሙት። እኔ ቤት ስድሳ አራት ቁጥሮች አሉኝ። ሁሉም ያለ ሽፋን የመጡ ስለሆኑ በትክክለኛው ቀለም ሠርቼላቸዋለሁ። ከፈለጉ መጥተው ማየት ይችላሉ። አባቴ የእናንተን መጽሔቶች በተመላሽ ክፍል ስለሚሠራ እንደ ዘመድ ነን።"

ከሥሩ ሙሉ ስሜን፣ የአባቴን ሙሉ ስምና የቤታችንን ቁጥር አስከትዬ ጻፍኩ። አድራሻ ሲጻፍ ምንም ነገር እንዳይጓደል መምህራችን አጥብቃ ታስተምረን ነበር።

አምስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ልብሴን ሳልቀይር በሩ ተንኳኳ። እናቴ የሰው ልብስ እየተኮሰች ነበር፤ በዚያን ጊዜ ለጎረቤት በመተኮስ ቤቱን ትደጉም ነበር። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አጭር፣ ቡኒ ቦርሳ የያዘ፣ ጫማውን ወልውሎ በሰፈራችን አቧራ ያበላሸ ሰው ቆሟል። በእጁ የእኔን ፖስታ ይዟል። የራሴን ጽሑፍ ወዲያው አወቅሁት።

"አረንጓዴ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ?"

ከደስታዬ ብዛት በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩለት። በስተኋላዬ እናቴ መተኮሻውን ስታስቀምጥ ተሰማኝ።

"ደህና ዋሉ እመቤቴ" አላት ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ። "ከአከፋፋዩ ድርጅት ነው የመጣሁት። አሳታሚው ይህን ደብዳቤ ልኮልን ነበር። ላስቸግርዎ አይደለም፤ ስብስቡን ማየት ብቻ ነው።"

"የምን ስብስብ? ልጅ ናት እኮ፤ የሌለ ነገር ታወራለች።"

"እማዬ!" አልኩ። እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶብኝ አያውቅም። "ሁሉም አልጋዬ ሥር አይደሉም እንዴ?"

"ከትምህርት ቤት ነው የተዋሰቻቸው" አለች እናቴ።

"አይደለም! የራሴ ናቸው። አባባ ነው በየሳምንቱ የሚያመጣልኝ።"

እናቴ አየችኝ። ያን አስተያየት በመነጽሬ አጥርቼ አይቼዋለሁ፤ ትርጉሙ ግን ሌላ መነጽር የሚፈልግ ነበር። ለሥራዬ ዋጋ አትሰጥም ብዬ ተቀየምኳት።

ሰውየው መጋረጃውን አልፎ እንዲገባ ፈቀድኩለት፤ እጁን ግን መጀመሪያ አስታጠብኩት። እሺ ብሎ ታጠበ። እኔ ቀድሞ የተዘጋጀ ማብራሪያ እንዳለው ሰው አንድ በአንድ እያወጣሁ አሳየሁት። እሱ ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ቁጥሮቹን ይጽፋል።

"ሁሉም ያለ ሽፋን ነው የመጡልሽ?"

"ሁሉም። አባባ ሽፋን የሌላቸውን እየመረጠ ነው የሚያመጣልኝ፤ እንድሠራላቸው።"

ብዕሩ ቆመ። ከዚያ እንደገና ጻፈ። ግማሽ ያህሉን ከተመለከትን በኋላ መጻፉን ተወና ማየት ብቻ ጀመረ። አንዱን ሽፋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ ያዘው፤ ከፎቅ ላይ የፈሰሰ የውሃ ባልዲ በአየር ላይ ቆሞ፣ ጀግናዋ ከሥሩ ጃንጥላ ስትዘረጋ የሚያሳየውን።

"ውሃው መቆሙን በምን አወቅሽ?" አለኝ።

"ጠብታዎቹ ጥላ አላቸው። የሚወድቅ ጠብታ ጥላ ለመጣል ጊዜ የለውም።"

ራሱን ነቀነቀ። "ስለ ሣሩም እውነትሽን ነው" አለ። "ለሠዓሊው ይነገረዋል።"

ከዚያ ድምፁን ለወጠ። መውሰድ እንደሚኖርበት ለእናቴ ነገራት፤ ከእሷ የሚጠበቀው መረከቢያው ላይ መፈረም ብቻ እንደሆነ። በሩ ላይ የቆመ ተሸካሚ ሁለት ካርቶን ይዞ ገባ። መጽሔቶቹን በቅደም ተከተላቸው ካርቶኑ ውስጥ የደረደርኩት እኔው ነኝ። በሩንም የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

"ፀሐይ ላይ አያስቀምጧቸው፤ ቀለሙ ይለቃል" አልኩት።

"እሺ፣ አላስቀምጥም።"

ሲሄዱ ቤቱ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ። እናቴ የሰው ሸሚዝ ላይ መተኮሻ ረስታ ነበር። ደረቱ ላይ ቡናማ ሦስት ማዕዘን ታትሞበታል። አነሳችውና ፊቷን ሸፈነችበት። በሸሚዙ አዝና መስሎኝ "ምንም አይደለም፣ ይጠፋል" አልኳት።

ማታ አባቴ ሲመጣ በር ላይ ጠበቅሁት።

"አባባ፣ መጡ! ከድርጅቱ መጡ! አረንጓዴ ትክክል ነው አሉ!"

አባቴ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እናቴን አያት። አንገቷን ደፋች። በርጩማው ላይ ተቀመጠና አንድ ጫማውን አወለቀ፤ ሁለተኛውን ሳያወልቅ ቆየ።

"ሁሉንም ወሰዱት?"

"ሁሉንም!"

"ምን ሊያደርጉበት ነው አሉሽ?"

ይህን አልጠየቅሁም ነበር። ፊቴ ላይ ጥርጣሬ ሳያይ አልቀረም፤ ምክንያቱም ወዲያው ቀጠለ። ያን የተቧጨረ አውራ ጣቱን እያሻሸ፣ ቃላቱን እንደሚለቅም ሰው ቀስ እያለ ነበር የሚናገረው።

"ድርጅቱ... ማሳያ አዳራሽ አለው። ትልቅ። የተመረጠ ስብስብ ሲያገኙ እዚያ ያስቀምጡታል። ለማንም አያደርጉትም።"

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አለች እናቴ ለግድግዳው። "አባትየውም ተጨመረበት!"

በማግስቱ አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ ወጣ። አራት ሰዓት ላይ ተመልሶ መጣ። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ አይቼው ስለማላውቅ፣ የቀኑ ብርሃን ፊቱ ላይ እንግዳ ሆነብኝ፤ እኔ ጉንፋን ይዞኝ ቀርቼ ነበር። የተኛሁ መስሏቸው ከመጋረጃው ወዲያ ማውራት ጀመሩ።

"መፈረም ብቻ ነው ያሉት?" አለች እናቴ።

"እሷ ናት የምትፈርመው። እኔ አይደለሁም።"

"ብትፈርምስ? ሂዳ ስሟን ጻፍ አድርጋ ትመለሳለች። ከዚያ ነገሩ ያበቃል አላሉም?"

"ብለዋል።"

"ታዲያ?"

"አይሆንም አልኩ።"

"ለእነሱ?"

"ለእነሱም፣ ላንቺም።"

እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነበር፦ ድርጅቱ ለማሳያው አዳራሽ ፊርማዬን ፈልጎ አባቴ ከልክሏል! ሠዓሊ ሥራው ላይ ይፈርም የለም እንዴ? አባቴ ምቀኛ ነው ብዬ ለማሰብ አልደፈርኩም፤ ግን ከዚያ ያነሰ ነገርም አላሰብኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፍኩት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላናገርኩትም። በደብተሬ የኋላ ገጾች ላይ ፊርማዬን እየተለማመድኩ፣ እሱ በአጠገቤ ሲያልፍ እንዲያየው ገልጬ እተወው ነበር። እሱም አይቶ፣ "ያምራል" ብሎ ያልፋል። ጠዋት ጠዋት እየወጣ የት ይውል እንደነበር አልጠየቅሁም። አሁን ግን አውቃለሁ፤ ከበር በር እየዞረ ሥራ ይለምን ነበር፤ ከድርጅቱ የተሰጠው የስንብት ወረቀት ላይም ምክንያቱ በግልጽ ተጽፏል።

በመጨረሻ ጡብ ፋብሪካ ገባ፤ ጫኝና አውራጅ ሆኖ። ትከሻው ሰፋ፤ አንገቱ ወፈረ። እንደ ሥዕል ታሪክ ጀግኖች እየሆነ መሄዱ አስደሰተኝና ይቅርታ አደረግሁለት። እንዲህ ብዬ ስጽፈው አሁን ራሴን ያስቀኛል፤ ይቅርታ ያደረግሁት እኔ ነበርኩ።

ቀሪውን ሕይወቴን ባጭሩ ብናገር ይሻላል። ሥራው ማሳያ አዳራሽ የገባለት ልጅ አንገቱን ደፍቶ አይሄድም። በትምህርት ቤት ይህን ያልነገርኩት ሰው አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ አጠናሁ፤ የወረቀትና የቀለም ኬሚስትሪ፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሥራዬም አሮጌ ሰነዶችን ከመበስበስ ማዳን ስለሆነ ከከተማ ከተማ ወሰደኝ። በየከተማው፣ ስብሰባው ሲያበቃ፣ ባልደረቦቼ ሐውልት ሊያዩ ሲሄዱ እኔ የአሮጌ መጽሔት ነጋዴዎችን እፈልጋለሁ። ባለ አንድ ደቂቃዋን ከነሽፋኗ፣ በደሞዜ፣ አንድ በአንድ ሰብስቤአለሁ። ቀዩ ካፖርት ግን አሁንም ስህተት ነው።

ድርጅቱ ግን ተሽጦ፣ ከባሕር ማዶ ካለ ሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ስሙ ጠፍቶ ነበር። አባቴም ከጉዞ በተመለስኩ ቁጥር፣ "ማሳያውን አገኘሽው?" ይለኛል። "ገና ነኝ" እላለሁ። "ይገኛል፤ ዓለም ጠባብ ናት" ይላል።

ዐርባ አንድ ዓመት ሲሞላኝ፣ በአንድ ትልቅ ከተማ፣ ሰብሳቢዎች በሚገናኙበት ገበያ ውስጥ፣ ማጉያ መነጽር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ ቆምኩ። ጨዋታ አዋቂ ነበር። የእኔን ታሪክ፣ ከደብዳቤው እስከ ማሳያው አዳራሽ፣ ለመቶኛ ጊዜ ነገርኩት። እየሳቀ ያዳምጠኝ ነበር፤ በመካከል አቋረጠኝ።

"ሽፋን አልነበራቸውም አሉ?"

"አንዳቸውም።"

"እመቤቴ" አለኝ እየሳቀ፣ "እኛ ዘንድ አንድ አባባል አለ። ሽፋን የሌለው ስብስብ ይዞ የሚመጣ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ የሌባ ልጅ።"

ቀጥሎም ስለ ሽፋኖቹ፣ ስለ ማስረጃው፣ ስለ ወረቀት ፋብሪካው አስረዳኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሙያውን ነው ያካፈለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። የመረጥኩትን መጽሔት ዋጋ ከፈልኩ፤ መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ረስቼው ሄድኩ። በሰብሳቢነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አገሬ እንደ ተመለስኩ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። እናቴ ወጥ ቤት ነበረች። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ጠየቅኋት። እጇን በፎጣ ጠረገች፤ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋች።

"ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ምላሴን ሲበላኝ ኖሯል" አለች።

"ያ ፊርማ ምንድን ነበር?"

"ያ ባለ ቦርሳ ሰውዬ ክፉ አልነበረም። ሥዕልሽን ካየ በኋላ አንጀቱን ሳይበላው አልቀረም፤ ለአባትሽ መውጫ ፈለገለት። 'ልጅቷ ምሳ ስታደርስ ከጆንያ ውስጥ እየሰረቀች ነው የወሰደችው፣ አባትየው አያውቅም' ተብሎ እንዲጻፍ። አንቺ ሄደሽ 'አዎ፣ ሰርቄአለሁ' ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ልጅ ስለሆንሽ አትጠየቂም። አባትሽም በሥራው ይቀጥላል።"

"እሱስ?"

"'የልጄ ስምና ሌባ የሚል ቃል አንድ ወረቀት ላይ አይውሉም' አለ። በራሱ ስም ፈረመ።" ፎጣውን አጠፈችው፤ ፈታችው፤ እንደገና አጠፈችው። "እኔ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ትፈርም ባይ ነበርኩ። ስንት ክረምት ጀርባውን በቅባት ሳሽ፣ ፈርማ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነው። አሁንም አልተጸጸትኩም፤ እንዳትቀየሚኝ።"

"አልቀየምሽም" አልኳት። ትክክለኛ ሐሳብ ነበር። እኔም ብጠየቅ እፈርም ነበር፤ ያውም በደስታ፣ በተለማመድኩት ፊርማ።

አባቴ ጓሮ ነበር። እግሩ የወለቀ ወንበር ገልብጦ እየመታ ነው። በጡብ ሸክም የጎበጠ ጀርባው ወደ እኔ ዞሯል። ከአውሮፕላኑ ላይ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ዘጠኙ ቀን ኩርፊያም አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አካትቼበታለሁ። የእግሬን ኮቴ ሰምቶ ሳይዞር፣ አፉ ውስጥ ሚስማር እንደያዘ፣

"ማሳያውን አገኘሽው?" አለኝ።

"አገኘሁት" አልኩ።

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። ሚስማሩን ከአፉ አወጣ፤ ዞሮ አየኝ። ረጅም አስተያየት ነበር።

"የት?"

"ከባሕር ማዶ። ትልቅ አዳራሽ ነው። በመስታወት ውስጥ አስቀምጠውታል። ሰው ተሰልፎ ነው የሚያየው።"

"ፀሐይ አይደርስበትም?"

"አይደርስበትም።"

"ስምሽ አለበት?"

"አለ። ያንተም አለ፤ ከእኔ በላይ።"

"የኔ ምን ያደርጋል?" አለና ወደ ወንበሩ ዞረ። ሚስማሩን በአውራ ጣቱ ይዞ አነጣጠረ፤ ግን አልመታም። "ሁሉም አሉ?"

ብዙ አገር የዞረ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እንከን የሌለበት ውሸት ማንም አያምነውም።

"አንዱ ጎድሏል" አልኩት።

አባቴ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"እንዴት አንዱ ይጎድላል? ስድሳ አራቱንም በዚህ ሆዴ ተሸክሜ እኔ ነኝ ያመጣኋቸው!" ጣቱን ቀሰረ። "ሌቦች! ድሮም ዓይናቸውን አይቼ ጠርጥሬአለሁ!"

ከዚያ ሳቀ። እግር የሌለውን ወንበር ተደግፎ፣ የጎበጠ ትከሻው እየተርገፈገፈ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እስኪወርድ ድረስ ሳቀ። እኔም አጠገቡ መሬት ላይ ቁጢጥ ብዬ ሳቅሁ።

እናቴ የወጥ ቤቱን መስኮት ከፈተች።

"ምንድን ነው እሱ? ምን አገኛችሁ?"

"ሌባ ይዘን ነው!" አላት አባቴ።